የጎዳና ላይ ምሳ፤ አማናው የማን ነው?



“ሰው የሚሰለፍበት ምግብ አይጎዳም” ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። ለምሳ ከሥራው የወጣ ሰው በአስፋልት ዳር፣ በላስቲክ ጥላ ሥር ድስቶቿን ደርድራ ከተቀመጠች ሴት ዙሪያ ሃያና ሠላሳ ሰው ቆሞ ሲያይ ልቡ ይረጋል። “ይህ ሁሉ ሰው እየበላ እኔን ምን ያደርገኛል?” ይልና እሱም ተራውን ይይዛል። ከሱ በኋላ የሚመጣውም እሱን አይቶ ይቆማል። ሃያኛው ሰው አሥራ ዘጠኙን አይቶ ነው የመጣው፤ አሥራ ዘጠነኛውም አሥራ ስምንቱን አይቶ። የመጀመሪያው ሰው ግን ማንንም አላየም፤ ርቦት ነው የመጣው።

ለመሆኑ ሰልፍ ምስክር ነውን? ከሆነስ የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው? ምስክር ማለት በዐይኑ ያየውን የሚናገር ሰው ነው። የተሰለፈው ሰው ያየው የምግቡን ጣዕም፣ የዋጋውን ቅናሽነትና የሻጯን እጅ ፍጥነት ነው። በእነዚህ ላይ ምስክርነቱ ይያዝለት። አንድ ነገር ደግሞ እንጨምርለት፦ የበሰለ ምግብ ሳይሞቅና ሳይቀዘቅዝ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ሰው የሚሻማበት ድስት ደግሞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ያልቃል። ስለዚህ ሰልፉ ባዶ ወሬ አይደለም። ይሁንና ሳህኑ በምን ዓይነት ውሃ እንደታጠበ፣ ገንዘብ የተቀበለው እጅ ወደ እንጀራው ከመመለሱ በፊት ታጥቦ እንደሆነ ሰልፉ አያውቅም። ባላየው ነገር ላይ ደግሞ ምስክር አይሆንም።

ነገሩን እንደ ቀልድ የሚያይ ካለ በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ያስጨነቃትን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ያስታውስ። “አተት” የሚለውን አጭር ስም ሕፃናት ሳይቀሩ የለመዱት ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት በተበከለ ምግብ ሳቢያ በዓመት 600 ሚሊዮን ያህል ሰው ይታመማል፤ 420,000 ያህል ሰው ይሞታል። የጎዳናው ምግብ ብቻውን ይህን አደረገ ማለት አይደለም። የቤቱም፣ የሆቴሉም፣ የድግሱም ድርሻ በውስጡ አለ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት መካሪዎች ብቅ ይላሉ። አንደኛው “ከመንገድ ላይ አትብሉ” ይላል፤ ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ምሳው በሳህን ተቋጥሮ ከቤቱ የሚመጣለት ወይም ምግብ ቤት ገብቶ ለመቀመጥ ኪሱ የሚፈቅድለት ሰው ነው። ሲሚንቶ የሚሸከመው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ከንጋት ጀምሮ በታክሲ በር ላይ ቆሞ የሚጮኸው ልጅ ምን ይብላ? ሁለተኛው ደግሞ “ቢስሚላህ ብለህ ብላ፣ ምንም አይነካህም” ይላል። ይህኛው ሃይማኖተኛ ይመስላል እንጂ ስንፍናውን በአላህ ስም የሸፈነ ሰው ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመካሁ የሚል ሰው ምን እንደተመከረ የማያውቅ የለም።

በኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ሐዲሦች ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል። አንደኛውን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡና ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አጭበርባሪም ከርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ሁለተኛውን እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያወሩት ሲሆን ኢማም ቡኻሪ ዘግበውታል። ሰዎች መጥተው እስልምናን በቅርቡ የተቀበሉ ወገኖች ሥጋ እንደሚያመጡላቸው፣ ሲታረድ የአላህ ስም ይጠራበት አይጠራበት ግን እንደማያውቁ ገለጹላቸው። እሳቸውም እነርሱ ራሳቸው የአላህን ስም ጠርተው እንዲበሉ አዘዙ።

ላይ ላዩን ለሚያነብ ሰው ሁለቱ የሚጣረሱ ይመስላሉ። በአንዱ እጅ ገብቶ ይፈተሻል፤ በሌላው አትመርምሩ፣ ብሉ ይባላል። ልብ ላለው ግን ነገሩ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው የተፈተሸው ዕቃው ነው፤ በሁለተኛው እንዳይመረመር የተደረገው የሰዎቹ ልብ ነው። ዕቃ ይፈተሻል፣ ሙስሊም ወንድምህ ግን ያለ ማስረጃ አይጠረጠርም። ሌላም አለ። በእህሉ ባለቤት ላይ የተነሣው ወቀሳ ዝናብ ስለመታው አይደለም። ዝናብ የአላህ ነው። የተወቀሰው እርጥቡን ከታች አድርጎ ደረቁን ከላይ ስላሳየ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የጎዳናዋን ምሳ እንመዝናት። ባለፈው ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ ግንባታ ላይ ካለ ፎቅ ሥር ምሳ ወደምትሸጥ አንዲት ስመ ጥር ሴት ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ ያልበላ ሰው ስለ ምሳ ሊያወራ አይችልም ይላሉ። ተራችን እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። እንጀራው ላይ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይደረጋል፤ ከዚያ በተረፈ ምርጫ የለም። አጠገቧ ያለችው ልጅ ደግሞ ቸኩሎ ለሚሄድ ሰው ዳቦ ሰንጥቃ የተቀቀለ ድንች፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ እየጨመረች እርጥብ ትሠራለች። ሽሮው ወፍራም፣ ነጭ ሽንኩርቱ የማይሸሸግ፣ ከእሳት ላይ የወጣበት ትኩሳት ያልለቀቀው ነው። ሐቁን ለመናገር በብዙ ብር ከበላሁት የሆቴል ሽሮ ይበልጣል። በድንጋይና በጣውላ ላይ ተቀምጠን፣ ሲሚንቶ የነካው እጅና ቀለም የነካው እጅ በአንድ ትሪ ላይ እየተገናኘ በላን። በረካው ይታይ ነበር።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። የዚህች ሴት ኩሽና ሙሉ በሙሉ ከላይ ነው። ድስቱ ሲከፈት እናያለን፤ ጎመኑ ሲጨለፍ እናያለን፤ ቃሪያው ሲቆረጥ እናያለን። ባለ መጋረጃውና ባለ ጠረጴዛ ልብሱ ምግብ ቤት ግን ኩሽናው ከኋላ ነው፤ በሩ ላይም ከሠራተኛ በስተቀር መግባት ክልክል መሆኑ ተጽፏል። እርጥቡን ከላይ አድርግ በሚለው መለኪያ ከሆነ የጎዳናዋ ሴት ከብዙዎቹ ትሻላለች። ነገር ግን አንድ ከታች የቀረ ነገር ነበራት። ከኋላዋ፣ በጆንያ የተከለለ ሳፋ አለ። የተበላባቸው ሳህኖች እዚያ ገብተው ይወጣሉ። ውሃው መጀመሪያ ጥርት ያለ ነበር ይሆናል፤ እኔ ባየሁት ጊዜ ግን የሽሮውን መልክ ይዟል። አጠገቡ የቆመው አንድ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነው።

ሰዉ ሳሳ ሲል ጠጋ ብዬ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ድምፅ፣ “እናቴ፣ ውሃው ቢቀየር አይሻልም?” አልኳቸው።

“ይሻላል እንጂ ልጄ” አሉኝ ቀና ሳይሉ። “ሁለተኛ ጀሪካን ነበረኝ። ደንቦች ሲመጡ ድስቱን አንሥቼ ስሮጥ እዚያው ቀረ። ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ድስቱን ልያዝ ወይስ ውሃውን?”

ይህ መልስ የጥያቄዬን አቅጣጫ ለወጠው። የጎዳና ምግብ ሻጭ ሁልጊዜ የምትይዘው በአንድ ትንፋሽ አንሥታ ልትሮጥበት የምትችለውን ያህል ነው። ድስቱን አትተወውም፤ የዕለቱ ገንዘብ በውስጡ ነው። ሳህኖቹን በፌስታል ትጠቀልላቸዋለች። በጣም የሚከብደውና በጣም የሚረክሰው ነገር ውሃው ነው፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚቀነሰው ውሃ ይሆናል። ሳፋው የቆሸሸው ሴትዮዋ ንጽሕና ስለማታውቅ አይደለም። ውዱእ የምታደርግ፣ ለአምስት ወቅት ሰላት ውሃ የምትፈልግ ሴት ናት። የሚሮጥ ሰው ግን ውሃ ተሸክሞ አይሮጥም። ንጹሕ ሁኚ የሚላት ሕግና ሩጪ የሚላት ሕግ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው አፍ ሲመጡባት አንዱን መጣሷ አይቀርም። ሳፋው በጆንያ የተከለለውም ከበላተኛው ለመደበቅ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ያላት ሁሉ ከዐይን እንዲርቅ የለመደች ሴት ናት።

የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ጉዳይ በመጽሐፍ አስፍረውታል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም የኖሩት ዐብዱረሕማን አሽ-ሸይዘሪ ስለ ሒስባ፣ ማለትም ስለ ገበያ ቁጥጥር፣ “ኒሃየቱ ሩትባ” በሚል ስም የሚታወቅ መጽሐፍ ጽፈዋል። መጽሐፉ የተዘጋጀው ለሙሕተሲቡ፣ ለገበያው ተቆጣጣሪ ነው። ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለጥብስ ሻጩ፣ ዓሣ ለሚጠብሰው፣ ዘላቢያ ለሚሠራው፣ ስንዴና ሥጋ አብሮ እስኪልም ቀቅሎ ሐሪሳ ለሚሸጠው ለየብቻ ምዕራፍ አለው። ሊጥ የሚያቦካ ሰው በእግሩ፣ በጉልበቱና በክርኑ እንዳያቦካ፤ ቢያስነጥስ እንዳይረጭ አፉን እንዲሸፍን፤ ላቡ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በጨርቅ እንዲያስር፤ በቀን ሲያቦካም ዝንብ የሚያባርርለት ሰው አጠገቡ እንዲቆም ይደነግጋል። በግብጽ የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ1329 የሞቱት ኢብኑል ኡኹዋም ይህንኑ ፈለግ ተከትለው ሰፋ ያለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ሙሕተሲቡ የዋህ ሰው አልነበረም፤ አለንጋም ነበረው፣ አጭበርባሪውን በገበያ መሐል እያዞረ ያዋርደው ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሚመጣው ድስት ውስጥ ለማየት ነው። ድስቱን ለመውሰድ የሚመጣና ድስቱን ለማየት የሚመጣ ሹም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሲመጣ ሻጭ ትሸሻለች፤ ሁለተኛው ሲመጣ ድስቷን ትከፍታለች።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስል ወደ ዘመናችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሦስት ግብጻውያን በኒውዮርክ ከተማ፣ በ53ኛው መንገድና በ6ኛው አቬኑ መገናኛ ላይ አንድ የሆት ዶግ ጋሪ አቆሙ። የከተማው ሙስሊም የታክሲ ነጂዎች ሐላል ምሳ የሚያገኙበት ቦታ ማጣታቸውን ሲያዩ ዶሮና ሥጋ በሩዝ መሸጥ ጀመሩ። ሰልፉ መንገዱን ዞረ። ያ ጋሪ ዛሬ “ዘ ሐላል ጋይስ” በሚል ስም በብዙ ከተማ ምግብ ቤት ያለው ድርጅት ሆኗል። የማይነገረው ክፍል ግን ይሄ ነው፦ ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የጎዳና ምግብ ፈቃድን በ3,000 አካባቢ ወስና ስለያዘች፣ መንግሥት ለሁለት ዓመት በ200 ዶላር የሚሰጠው ፈቃድ በድብቅ ገበያ ከ20,000 ዶላር በላይ ሲከራይ ኖሯል። ድስት ነክቶ የማያውቅ ሰው ከምሳው ትልቁን ድርሻ ይወስዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ በየዓመቱ 445 አዳዲስ ፈቃዶች ለአሥር ዓመት እንዲጨመሩ ወሰነ። ጋሪዎቹ የውሃ ታንክና የእጅ መታጠቢያ ሊኖራቸው ይገባል፤ ማታ ማታም ወደ ተፈቀደ ማጠቢያ ስፍራ መመለስ አለባቸው። ውሃው በሕጉ ውስጥ ቦታ አለው።

ሲንጋፖር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 የጎዳና ሻጮቿን ቆጥራ ስትመዘግብ 24,000 ያህል አገኘች። ከዚያ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመርና ጣሪያ ያላቸው የምግብ መሸጫ ሥፍራዎች እየሠራች አስገባቻቸው፤ ሥራው በ1986 አካባቢ ተጠናቀቀ። በ2020 ዩኔስኮ የእነዚያን ሻጮች ባህል በሰው ልጅ ቅርስነት መዘገበው። እኛ ሲንጋፖር አይደለንም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ እነሱም በ1968 የዛሬዋ ሲንጋፖር አልነበሩም።

“መንገዱስ?” የሚል ይኖራል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የእግረኛ መንገድ የእግረኛ ነው፤ ዐይነ ስውሩም፣ ልጅ ያዘለችውም እናት ያልፉበታል። ኪራይና ግብር የሚከፍለው ባለ ምግብ ቤትም “በሬ ላይ ተቀምጣ ገበያዬን ወሰደችው” ቢል አይፈረድበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን በመንገድ ላይ ከመቀመጥ አስጠንቅቀዋቸው ነበር። እነርሱ ግን ሌላ መቀመጫ እንደሌላቸው ሲነግሯቸው እንግዲያውስ ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡት አዘዟቸው፤ ከሐቁም አንዱ ሰውን አለማስቸገር ነው። ክልከላ ነበር፤ ችግር ቀረበ፤ ከዚያ በቅድመ ሁኔታ ተፈቀደ። ለጎዳናዋ ሻጭም የምንመኘው ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የአዲስ አበባ የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፣ አምረዋል፤ በየቦታው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል። ቀድሞ በዚያ ይሸጡ የነበሩት ብዙዎቹ ሴቶች ግን ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ገብተዋል። ውሃ እዚያ ድረስ ከተዘረጋ፣ ከመጸዳጃው ራቅ ብሎ አንድ ባለ ሁለት ራስ ቧንቧና የተወሰነ ሰዓት ቢፈቀድ ምን ይጎድላል? ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ምሳ ይሸጣል፤ ከዚያ መንገዱ ተጠርጎ ለባለቤቱ ይመለሳል። ያላጠበች ትቀጣ። ያኔ ቅጣቱ ፍትሕ ይሆናል።

ለሻጯ ብቻ የምንቆረቆር እንዳይመስል አንድ ከባድ ነገር ላንሣ፤ ስለ ዘይቱ። ደጋግሞ የተጠበሰበትና የጠቆረ ዘይት ጤናን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ሳምቡሳና ፓስቲ የምትጠብስ ሴት ዘይቱን የምትቀይረው መቼ ነው? በዚህ ላይ ድህነት ሙሉ ምክንያት አይሆንላትም፤ ቢያንስ ገዢው እንዲያየው መጥበሻውን ከፊት ማድረግ ትችላለች። እርጥቡን ከላይ ማድረግ ማለት ይኸው ነው። ግን ደግሞ እሷ ራሷ የገዛችው በርበሬና ቅቤ ምን እንደተቀላቀለበት በምን ታውቃለች? ባዕድ ነገር ስለተደባለቀበት በርበሬና ቅቤ በዜና ያልሰማ የለም። ትልቁ ነጋዴ በመጋዘኑ ውስጥ የደባለቀውን ትንሿ ሴት በመንገድ ላይ በስሟ ትሸጠዋለች፤ ሲያሳምም የምትታወቀው እሷ ናት። በእህሉ ክምር ውስጥ የገባው እጅ ዛሬ ቢመጣ ወደ መጋዘኑም ይገባ ነበር።

የበላተኛው ተራ ደግሞ አሁን ነው። ከኛ ውስጥ ሳፋውን አይቶ ፊቱን የሚያኮማትር ብዙ ነው፤ ተጠግቶ በአክብሮት የሚጠይቅ ግን ጥቂት። ሰው ፊት ጮሆ ማዋረድ ሳፋውን አያጠራውም፤ ወደ ጆንያው ጠለቅ ብሎ እንዲገባ ያደርገዋል እንጂ። በአሥር ሺህ ብር ጫማ ላይ ያልተከራከረ ሰው በአንድ ጭልፋ ሽሮ ላይ “ጨምሪ” እያለ ሲሟገትም አይቻለሁ።

ከሁሉ የከፋው ዱቤው ነው። የምሳ ሻጮች ስሙን በደብተር ጽፈው፣ መጻፍ የማይችሉትም በጭረት እየቆጠሩ ለደንበኛ ያበላሉ። መክፈል እየቻለ ዕዳውን የሚያጓትት ሰው ግፈኛ እንደሆነ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ተነግሮናል። ይህን ስንሰማ ትልልቅ ባለ ዕዳዎችን፣ ባንክና ነጋዴን እናስባለን፤ ስለ ምሳ የተነገረ አይመስለንም። በዚህ ጉዳይ ከሻጮቹ የሰማሁት ግን ከጠበቅኩት ተቃራኒ ነው። የቀን ሠራተኛው ቅዳሜ ሒሳቡን ሲቀበል በቀጥታ መጥቶ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ሰኞ የሚበላው የለም። የሚጠፋው ባለ ክራቫቱ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው ነው። ደመወዙ የወጣ ሰሞን በሌላ መንገድ ያልፋል፤ ሳፋው ስለሚያስጠላው ምግብ ቤት መቀየሩንም ለባልደረቦቹ ይነግራል። ሁለተኛው ጀሪካን ሊገዛ የነበረው በዚያ ገንዘብ ነው።